ዘጠና አንድ ኪሎ ላይ

ሚዛኔ ዘጠና አንድ ኪሎ ላይ ከቆመ መቶ አሥራ ሰባተኛ ቀኑ ነበር። እንደ ወትሮው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የበራችን ደፍ ላይ ቆምኩ። ደፉ መዘነኝና፣ «ወይዘሮ አንሻ፣ እንደምን አደሩ? ዛሬም አልተንቀሳቀሱም» አለኝ። ድምፁ ትሑት ነው። እኔን የሚያበሽቀኝ ደግሞ ትሕትናው ነው፤ ቢሰድበኝ መልስ አላጣም ነበር።

በሩ ተከፈተልኝና ወጣሁ። ጎረቤቴ ጦይባ ደጇን እየጠረገች ነበር። «እንደምን አደርሽ አንሻ? ቤተሰብ ደህና? አባትሽስ? ሚዛኑስ እንዴት አደረ?» አለችኝ። በ2081 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ ሰላምታ እንዲህ ነው። አባቴ እንደሚለው ድሮ ሰው ከጤናው ቀጥሎ የሚጠያየቀው ስለ ከብቱና ስለ አዝመራው ነበር። አሁን ከብቱም አዝመራውም ሚዛኑ ሆኗል። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» አልኳት። አልዋሸሁም፤ ደህና አድርጎ ቆሟል። ጦይባ መጥረጊያዋን እንደያዘች ትንሽ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ለቆመ ሰው የሚሰጥ አስተያየት አለ፤ ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ከሚታየው ብዙ አይለይም።

ቅነሳውን ያደረግሁት ከአሥራ አራት ወር በፊት ነው። ጨጓራ መቀነስ እንደ ክትባት በቀበሌ ተራ የሚሰጥ ስለሆነ የሠፈራችን ሰው አንድ ላይ ተሰልፎ፣ አንድ ላይ ተኝቶ፣ አንድ ላይ ወጣ። ስገባ መቶ ሃያ ስምንት ኪሎ ነበርኩ። በአሥር ወር ውስጥ ሠላሳ ሰባት ኪሎ ወረደልኝ። ቀሚሶቼን ሦስት ጊዜ አስጠበብኩ፣ ዳገት ላይ ማለክለክ ተወኝ፣ እግሬን አጥፌ መሬት ላይ መቀመጥ ቻልኩ። ደስታዬን ማን ይችለዋል! ከዚያ አንድ ጠዋት ደፉ ዘጠና አንድ አለ። በማግሥቱም ዘጠና አንድ። ሳምንቱን ሙሉ ዘጠና አንድ፣ ወሩን ሙሉ ዘጠና አንድ።

መቶ ሃያ ቀን የቆመ ሰው ዳግም ቅነሳ «ይገባዋል»። የአገሩን ሰው ክብደትና ምግብ የሚቆጣጠረው መሣሪያ፣ መዝገቡ፣ በሚልከው ደብዳቤ ላይ ያለው ቃል ይኸው ነው፣ ልክ እንደ ሹመት። ዳግም ቅነሳ ያደረገ ሰው ከዚያ ወዲያ እህል አይቀምስም፤ በቀን አምስት ኩባያ የተዘጋጀ ፈሳሽ ይጠጣል፣ ዕድሜ ልኩን። የሥራ ባልደረባዬ ትርንጎ አምና አድርጋዋለች። ትርንጎ ትኬት መስኮት ላይ የምትሠራ፣ ሳቋ ከማዶ የሚሰማ ሴት ነበረች። ዛሬ ጤነኛ ናት፣ ቀጥናለች፣ መዝገቡ ያመሰግናታል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ኩባያዋን ይዛ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ትቀመጣለች። መጀመሪያ መጀመሪያ «ነይ ከእኛ ጋር ጠጪ» እንላት ነበር። እየቆየን እኛም ተውነው።

የፈራሁት ይህን ነው። ቢላውን አይደለም፤ ቢላው አንዴ አልፎብኛል። የፈራሁት ከገበታ መነሣትን ነው።

ሥራዬ ከሆጤ ወደ ጦሳ ተራራ በሚወጣው የኬብል መኪና ላይ ተሳፋሪ ማመጣጠን ነው። ሰው ሲገባ ወለሉ ኪሎውን ይናገራል፣ እኔ ቦታውን እነግረዋለሁ። «ሰባ ሁለት፣ በግራ። መቶ አራት፣ መሃል። እናቴ፣ እርስዎ ሃምሳ ስምንት ነዎት፣ እዚህ መስኮቱ ጋ ይምጡ።» በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ስለቆየሁ ወለሉ ሳይናገር ሰውን በዓይኔ እመዝናለሁ፤ ቢበዛ ሁለት ኪሎ ብሳሳት ነው። የራሴ ነገር ብቻ ነው ግራ የገባኝ።

ምሳ የምንበላው ላይኛው ጣቢያ ነው፤ እኔ፣ ሞተር የሚጠብቀው ሐሰንና መቆጣጠሪያ ክፍል ያለችው ዘርፌ። ትርንጎ እንዳልኩት መስኮቱ ጋ ናት። ትሪ መጋራት ከቀረ ስለቆየ እያንዳንዳችን የየራሳችን ትሪ አለን። ትሪው ከላዩ የተነሣውን ያውቃል፤ ያወቀውን ለመዝገቡ ያቀብላል። መዝገቡ ደግሞ የቆመ ሰው ሲያይ ድርሻውን ይቀንሳል። የእኔ በቀን ከሺህ ካሎሪ ሃምሳ ሃምሳ እየተቀነሰ ወደ ሰባት መቶ ወርዶ ነበር።

«ዝንጅብል በባዶ ሆድ ሞክረሻል?» አለኝ ሐሰን የዚያን ዕለት።

«ሞክሬያለሁ።»

«ለብ ያለ ውሃ በሎሚስ?»

«እሱንም ሞክሬያለሁ።»

«የኔ እናት፣ ይልቅ ደረጃውን በእግርሽ ውጪ» አለች ዘርፌ። «የአክስቴ ልጅ በደረጃ ነው የተንቀሳቀሰችው።»

«ሁለት ወር ወጣሁት እኮ። ሰሞኑን እኩሌታው ላይ ያዞረኛል።»

ቆመሃል የተባለ ሰው ዙሪያው ሁሉ ሐኪም ነው። አልተቀየምኳቸውም፤ አስበውልኝ ነው። ወሬው ሲሞቅ ሐሰንን አጎረስኩት፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ነውና ደገምኩት። ዘርፌ ቅር እንዳይላት እሷንም ሁለት አጎረስኳት። ትሪዬ፣ «ወይዘሮ አንሻ፣ የምሳ ድርሻዎ አልቋል» አለ። አልቋል ካለ አልቋል፤ እጄን ታጥቤ ተነሣሁ። የግንቦት ፀሐይ ውጭ እያቃጠለ እኔ ከሹራብ ላይ ኩታ ደርቤ ነበር። ብርድ ብርድ ይለኝ ነበር፣ ሁልጊዜ። ማበጠሪያዬ ላይ የሚቀረው ፀጉር ጨምሮ ጨምሮ ማየት ትቼ ነበር።

ቤት ውስጥ ሦስት ነን፤ ባሌ እንድሪስ፣ አባቴ ሼህ ይማምና እኔ። አባቴ ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ በዕድሜው ምክንያት ቅነሳው ቀርቶለታል። ትሪም ሰጥተውት ነበር፣ አልነካም አለ። «ከሚያወራ ሳህን አልበላም» ይላል። «አጉርሱኝ እንጂ አታስቆጥሩኝ።» እኔም ጠዋትና ማታ ከእጄ አጎርሰዋለሁ። ሲበላ ደስ ይላል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያላምጠው።

እንድሪስ ደግሞ የውሃ መስመር ጠጋኝ ነው፤ ከእኔ ጋር በአንድ ቀን ነው የተቀነሰው። ከትሪው የሚያነሣው እንደ ወፍ ስለሆነ መዝገቡ «ምስጉን ተመጋቢ» የሚል ምስክር ወረቀት ልኮለት ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ከዚያ ወዲህ ስድስት ኪሎ ጨመረ። መዝገቡን ብንጠይቀው «ጡንቻ ነው» አለን። ጡንቻው ከቀበቶው በላይ ወጥቶ ይታያል።

ሰው ክፉ አይደለም፣ እንድሪስም ክፉ አይደለም። ግን እሱ ምስጉን፣ እኔ የቆምኩ፤ አንድ ቤት ውስጥ። በመቶ አሥራ ስምንተኛው ቀን ከቁርስ በኋላ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አንሻ፣ እንዳትቆጪኝ።»

«ምን ሆነህ?»

«ደብቀሽ የምትበዪው ነገር ካለ ለእኔ ንገሪኝ። ለማንም አልናገርም። አንድ ላይ እንተወዋለን።»

«የለም።»

«መዝገቡ እኮ በልታለች ነው የሚለው። እንግዲህ መሣሪያ ሰው ላይ ቂም የለው…»

«እንግዲያውስ መዝገቡን አግባ!» ብዬ ተነሣሁ።

ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ። የተናደድኩት በእሱ አይደለም። እኔ ራሴ ራሴን መጠርጠር ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። ምናልባት በእንቅልፍ ልቤ ተነሥቼ እየበላሁ ይሆን ብዬ ስንት ቀን ከመተኛቴ በፊት ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ዱቄት ነስንሼ አድሬያለሁ። ጠዋት ሳየው የእግር ዱካ የለበትም፤ እንደነሰነስኩት ነው። ጠርጌ እጥለዋለሁ። ይህን ለማን ልንገረው? ዱቄት ምስክር አይሆንም። የቅነሳው ማዕከል ስድስት ጊዜ አስጠርቶ ስድስት ጊዜ ጠይቆኛል፣ ስድስቱንም ጊዜ «ከትሪዬ ውጭ እህል በአፌ አልዞረም» ብያለሁ። ስድስቱንም ጊዜ ራሳቸውን ነቅንቀው ድርሻዬን ቀነሱት።

በመቶ ሃያኛው ቀን ልብሴን በከረጢት ይዤ የቅነሳው ማዕከል ሰባተኛ ፎቅ ገባሁ። አሥራ አራት አልጋ ያለው ክፍል ነው፤ አሥራ አራቱም ሞልቷል። ሁላችንም የቆምን ሰዎች ነን። አሥራ ሦስት ሴትና አንድ ወንድ። ማንም ከማንም ጋር አያወራም ነበር፤ ሁሉም ጎረቤቱን «እሷ እውነትም ደብቃ በልታ ይሆናል» ብሎ የሚያስብ ይመስለኛል። እኔ አስቤአለሁ።

ከዳግም ቅነሳ በፊት ባለው ቀን «የመጨረሻ ምሳ» የሚሉት ሥርዓት አለ። ታካሚው የፈለገውን ምግብ ይጠይቃል፣ ከአንዲት ገምጋሚ ጋር ትይዩ ተቀምጦ ይበላል፣ እሷ አበላሉን አይታ ቅጽ ትሞላለች። ሰው ብቻውን ሲታይ እንደ ልማዱ አይበላም ስለሚባል ገምጋሚዋም የራሷ ትሪ ይቀርብላታል። የሁለታችን ትሪ ቁጥር ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ይታያል።

የእኔ ገምጋሚ ሲስተር ብርዛፍ ትባላለች፤ ሲያስጠሩኝ ከጠየቁኝ አንዷ ስለሆነች አውቃታለሁ። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ አይርቅም፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። እኔ አይብ በጎመን አዝዤ ነበር።

«እንደ ቤትሽ ሁኚ» አለችኝ ቅጹን እያገላበጠች። «እኔን እንደ ሌለሁ ቁጠሪኝ።»

«ስንተኛ ምሳሽ ነው ዛሬ?»

«አምስተኛ። አልበላም፣ አስመስላለሁ።» ፈገግ አለች። «ብዪ፣ ይቀዘቅዝብሻል።»

እንጀራውን ቆረስኩ። አይቡን፣ ጎመኑን ጠቀለልኩ። ወደ አፌ ላቀርበው ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ። የመጨረሻዬ ነው። ከእንግዲህ ከሰው ጋር ተቀምጬ እህል አልቆርስም። በዚህ ሁሉ መሃል ደግሞ ፊት ለፊቴ ሰው ተቀምጣለች፣ ደክሟታል፣ ትሪዋ እንዳለ ነው። ሰው እያየኝ ብቻዬን መጉረስ አቃተኝ። አልታወቀኝም፤ እጄ ራሱ ወደ እሷ ሄደ።

«ሲስተር፣ በሞቴ።»

«ኧረ አይሆንም! ደንቡ…»

«አፈር ስሆን! ነገ የኩባያ ሰው ነኝ። የመጨረሻ እጄን አትመልሽብኝ።»

ወደ በሩ አየች። ከዚያ እንደ ማንኛውም የደሴ ልጅ አፏን ከፈተች። አንድ ጉርሻ ደግሞ አይሆንም፤ ሁለተኛውን አስከተልኩ። ጉንጯ ተወጥሮ እያላመጠች ቅጹን ልትሞላ ቀና ስትል ዓይኗ ግድግዳው ላይ አረፈ። ማላመጧን አቆመች።

«እንዴ» አለች፣ አፏ እንደሞላ።

እኔም ዞሬ አየሁ። ከእሷ ስም አጠገብ ዜሮ ይላል። ከእኔ ስም አጠገብ ሃምሳ።

እንደ ምንም ዋጠችውና፣ «አንሻ፣ አንቺ ስንት ጎረስሽ?» አለችኝ።

«ገና አልጀመርኩም።»

«እስቲ ድገሚኝ።»

«ሦስተኛ?»

«ድገሚኝ፣ በሞቴ!»

አጎረስኳት። የእኔ ቁጥር ሰባ አምስት ሆነ። የእሷ ዜሮ። ሲስተር ብርዛፍ ተነሥታ በሩን ዘጋችና ተመልሳ ተቀመጠች። ብዕሯን አስቀመጠች።

«ቤትሽ ማንን ነው የምታጎርሺው?»

ጥያቄው አልገባኝም። «ሰው ነዋ! ሌላ ምን ይጎረሳል?»

«ቁጠሪልኝ። ጠዋት።»

«ጠዋት አባቴን። አንድ አራቴ።»

«ምሳ?»

«ሐሰንን ሁለት፣ ዘርፌን ሁለት።»

«ማታ?»

«አባቴን አራት። እንድሪስን ሁለት፤ ድካም ይዞት ነው የሚገባው።»

በጣቷ ቆጥራ አሥራ አራት ላይ ደረሰች። አሥራ አራት ጉርሻ፣ በእያንዳንዱ ሃያ አምስት። «ሦስት መቶ ሃምሳ» አለች ቀስ ብላ። «ከሰባት መቶው ግማሹ። አንቺ በቀን የምትበዪው የሁለት ዓመት ሕፃን የማይበቃው ነው። መዝገቡ ደግሞ በልታ ነው እያለ ይቀንስብሻል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!» ከዚያ ድምፅዋ ተቆጣ። «ስድስት ጊዜ ተጠይቀሽ ለምን አልተናገርሽም?»

«ምኑን ልናገር? ማጉረስ ይወራል እንዴ? ስንት ጊዜ ሰላምታ ሰጠሽ ብላችሁ ብትጠይቁኝ እሱንም አላውቀው።»

ቁጣዋ እንደመጣ ሄደ። «እውነትሽን ነው» አለችኝ። «ከስድስቱ ሦስቱን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። እኔም አላሰብኩትም። እኔም እኮ ከትሪዬ የማጎርሳቸው ልጆች አሉኝ።»

ትሪዎቹ የተሠሩት ሰው ያነሣውን ራሱ በሚበላበት አገር ነው። እዚያ ለሠሩት ሰዎች እጅ ከትሪ ተነሥቶ ወደ ሌላ ሰው አፍ ሊሄድ እንደሚችል የነገራቸው የለም። እኛም አልነገርናቸውም።

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ኑርልኝ ወዲያው ተጠራ። መጀመሪያ አላመነም። ወጣት አይደለም፣ ሞኝም አይደለም፣ ግን ሥራውን የተማረው በመዝገቡ ነው። ሲስተር ብርዛፍ እሱንም እንዳጎርሰው አዘዘችኝ። እሱ እያላመጠ የእኔ ቁጥር ሲጨምር አየ። ደሜን አስወሰደ፣ ክንዴንና ጭኔን ለካ፣ የራስ ቅሌን ፀጉር በጣቱ ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየ። ከሰዓት በኋላ ውጤቱን ይዞ መጣና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ዶክተሮች አልጋ ላይ ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ወይዘሮ አንሻ፣ ሰውነትዎ ረሃብ የገባ መስሎታል» አለኝ። «እየጠበቀዎት ነው። ሙቀቱን ቀነሰ፣ ፀጉሩን ተወ፣ ጡንቻውን እየበላ ስቡን ደበቀ። ስለዚህ ሚዛኑ ቆመ።»

«በልቼ አይደለም?»

«በልተው አይደለም።»

«እስቲ ድገሙልኝ።»

«በልተው አይደለም። ደግሞም መቆም በራሱ በሽታ አይደለም። ቅነሳ ያደረገ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ዳገት የሚወጣ ሰው ትንፋሹን እንደሚሰበስበው ነው። እኛ ነን ያረፈውን ሰው ወደ ገደል የምንገፋው።» መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «አሁን ድርሻዎን ወደ ሺህ ሁለት መቶ እናሳድጋለን፤ እንቁላል፣ ሥጋ፣ አይብ። ቀላል ክብደት ያነሣሉ፣ ይተኛሉ። መጀመሪያ ላይ ሚዛኑ ትንሽ ሊጨምር ይችላል፣ እንዳይደነግጡ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«ቢላውስ?»

«የለም።»

ሲስተር ብርዛፍ የመሰረዣውን ቅጽ ሰሌዳዋ ላይ ከፈተች። ምክንያት የሚል ቦታ አለው፤ ከሥሩ ሦስት ምርጫ፤ የታካሚ እምቢታ፣ የትሪ ብልሽት፣ ሌላ። እምቢ አላልኩም። ትሪውም የተሠራበትን ነው የሠራው። ዶክተሩ ጣቱ «ሌላ» የሚለው ላይ ቆሞ፣ «ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ።

«በልታ አይደለም፣ አብልታ ነው፤ ብለህ ጻፍ» አለችው።

ጻፈው። ሰሌዳውን ተቀብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ለቅሶዬ መጣ፤ የሚያፍሩበት ዓይነት፣ ንፍጥ ያለበት ለቅሶ። አራት ወር ሙሉ ሌባ ነበርኩ። ባሌ ዘንድ ሌባ፣ ጦይባ ዘንድ ሌባ፣ ዱቄት ነስንሼ ራሴን የምጠብቅ ሌባ። አሁን በመዝገቡ ላይ፣ በቀይ ሳይሆን በጥቁር፣ እውነቱ ተጽፏል። ከደረቴ ላይ ሰው የተነሣልኝ መሰለኝ።

አልቅሼ ሲወጣልኝ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «ትርንጎስ?» አልኩ። «ትርንጎ አምና እዚሁ የተሠራች። እሷ ከእኔ የባሰች አጉራሽ ነበረች። ጣቢያውን በሙሉ ነበር የምታጎርሰው።» ሲስተር ብርዛፍ ስሟን ጻፈች። ዶክተሩ፣ «መመለስ ይቻል እንደሆነ ይታያል» አለኝ፤ ይህን ሲል ግን ዓይኔን አላየም። ደስታዬ ውስጥ ይህች አንድ ነገር እስከ ዛሬ አለች፤ አልደብቃትም።

ሲስተር ብርዛፍ ከእኔ ተነሥታ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደች። «ቤትሽ ማንን ነው የምታጎርሺው?» አለቻት። ሴትዮዋ እንደ እኔው ግራ ገባት፤ «ልጆቼን ነዋ፣ አማቴም አለች» አለች። ሦስተኛዋ አልጋ ላይ ያለችው የመስጊድ በር ላይ የምትቀመጠውን ዓይነ ሥውር ሴት ጠቀሰች። አምስተኛዋ፣ «እኔስ ሰው ቢጠፋ የጎረቤት ድመትም አይቀረኝ» ስትል ሳቅ ተጀመረ። ከአልጋ ወደ አልጋ እየተሻገረ መጣ። ያ ሁሉ ሲተፋፈር የዋለ ክፍል፣ አንዷ ከአንዷ ላይ እየተቀበለች ያጎረሰችውን ሰው ስም ትጠራ ጀመር። አሥራ ሦስታችንም።

አሥራ አራተኛው፣ ብቸኛው ወንድ፣ ጥጉ ላይ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ስቦ ነበር። ተራው ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔስ እውነቱን ልናገር» አለ። «እኔ ደብቄ በልቼ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ፣ ዓይኑን እየጠረገ። የአሥራ ሦስታችን ሲሰረዝ የእሱም ስለ እውነቱ በሦስት ወር ተራዘመለት።

እንድሪስ ምድር ቤት ነበር የሚጠብቀኝ። ከኦፕሬሽኑ በፊት ደህና እደሪ ሊለኝ ነው የመጣው። ጭኑ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዟል፤ በኋላ እንዳየሁት አምስት ኩባያ ነው፣ አበባ የተሣለበት፤ ከነጩ ይሻላታል ብሎ ዞሮ ዞሮ የመረጠው። ልብሴን ለብሼ ከረጢቴን ይዤ ስወጣ ሲያይ ተነሥቶ ቆመ።

«ምነው? ምን ተፈጠረ?»

«ቀረ።»

«እንዴት ቀረ?»

እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ነገርኩት። ስለ ትሪው፣ ስለ ጉርሻው፣ ክፍሉ ውስጥ ስለነበርነው አሥራ አራት ሰዎች። ቀስ እያለ ሆዱን በእጁ ያዘ።

«ታዲያ ጡንቻው…» አለ።

«ጡንቻህ የእኔ እራት ነው።»

ልስቅ ስል እሱ አልሳቀም። ኩባያዎቹን አግዳሚው ላይ አስቀመጠና መሬት መሬት አየ። «አላመንኩሽም» አለኝ። «ሃያ ሁለት ዓመት አብረሽኝ ኖረሽ መሣሪያ አመንኩ።»

«አላመንከኝም» አልኩት። አላባበልኩትም። መባል የነበረበት ነገር ነው፣ ተባለ። ከዚያ በላይ የምይዝበት አቅም አልነበረኝም፤ ቀለለኝ።

ወጣን። ከማዕከሉ በር እስከ ኬብሉ ጣቢያ ያለው መንገድ በሰው ተሞልቷል፤ ሥራ የሚለቀቅበት ሰዓት ነው። ጥቂት እንደሄድን እንድሪስ ክንዴን ያዝ አድርጎ፣ «ምን ላድርግልሽ? ዛሬ የፈለግሽውን በይኝ» አለኝ።

የምፈልገውን አውቀዋለሁ። ከንፈሬ ላይ ከመጣ ቆይቷል፤ ግን ለአራት ወር ያልተናገርኩት ቃል ስለሆነ አፈርኩበት። እኛ አገር የቆመ ሰው ይህን ቃል አይልም። ካለ፣ ሰዉ እርስ በርሱ ይተያያል፣ ባል ቁም ሣጥን ይፈትሻል፣ መዝገቡ ሃምሳ ካሎሪ ይቀንሳል። ስለዚህ ሲመጣብህ ውሃ ትጠጣለህ፣ ወሬ ትቀይራለህ፣ ትተኛለህ።

መንገዱ መሃል ቆምኩ።

«ራበኝ» አልኩት።

ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። ሁለት ሴቶች ዞር አሉ፤ አንድ ሰውዬ ፍጥነቱን ቀነሰ። እንድሪስ ግን ግራ ቀኙን አላየም።

«የት ሄደን እንብላ?» አለኝ።